ሃያ ሆኖ ሁለት ነኝ ያለው ዲስክ

ባለፈው ሳምንት እህቴን ወደ ቤቷ ልሸኝ የአሽቀሎን ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ አድርሻት ወደ መኪናዬ ስመለስ፣ ፀሐይ ላይ ከቆሙት ሰዎች መሃል አንድ ሽበታም ሰውዬ "ቲርዛ!" ብሎ ተጣራ። በዚህ ስም የሚጠራኝ ሰው ጥቂት ነው። ስሜ ትርንጎ ነው። ቲርዛ የሚለውን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ጭነው ያመጡን ሰሞን አንዲት ጸሐፊ ወረቀት ላይ አሰፈረችው፤ ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ተጠቀምኩበት እንጂ ቤቴ አላስገባሁትም። ዞር ብዬ ባይ ቦሪስ ነው። በአሮጌው ሰፈር በሚግዳል ገበያው ጥግ የኮምፒውተር መጠገኛ የነበረው ሩስያዊው ቦሪስ። ፀጉሩ ነጥቷል፣ ጎብጧል፣ ሸሚዙ ግን ያው ነው ማለት ይቻላል። ሊጨብጠኝ ሲጠጋ ከልብሱ ላይ ያ የብየዳ ሽታ፣ የቀለጠ ቆርቆሮና የጋለ አቧራ የተቀላቀለበት ሽታ አፍንጫዬን መታው። ሱቁን ከዘጋ ቆይቷል፤ ሽታው ግን ጡረታ አልወጣም። "ማሽኑስ? አሁንም በሕይወት አለ?" አለኝ። ባሌን አልጠየቀኝም፣ ልጆቼን አልጠየቀኝም፣ የጠየቀኝ ኮምፒውተሬን ነው። "አለ እንጂ፤ ከኔም ካንተም ይሻላል" አልኩት። ሳቀ፤ የወርቅ ጥርሱ ያኔ የነበረበት ቦታ ላይ አለ። እኔም እዚያው ፀሐይ ላይ እንደቆምኩ ያ ሁሉ ዘመን ተመልሶ መጣብኝ።

ያኔ ሚግዳል ሌላ ነበር። ድንጋዩ ያው ነው፣ በረንዳው ያው ነው፣ ሰዉ ግን ሌላ ነበር። አውቶቡስ የምንሳፈረው በካርቶን ቲኬት ነው፤ ሹፌሩ በመብሻ ይበሳታል፣ ቀዳዳዋ ሲሞላ ልጆች እንደ መጫወቻ ይሰበስቧታል። ወጣቶቹ ጫፉ የሾለ ጫማ ያደርጋሉ፣ ሱሪያቸው መሬት ይጠርጋል። እኛ ሴቶቹ ረጅም የጂንስ ጉርድና አበባ ያለበት ሻሽ ነበር ደንባችን። ተከፍቶ ሲዘጋ ቀጭ የሚል ሞባይል የያዘ ሰው ሳይደወልለትም ይከፍተዋል፣ ይዘጋዋል። ከቲማቲሙና ከዓሣው መደብር አለፍ ብሎ የእኛ ሰው የሚሸጣቸው የዘፈን ካሴቶች ነበሩ፤ ዲስክ መጥቶም ካሴቱ አልጠፋም፣ ለሽማግሌዎቹ ይቀራል። ከዚያ ድምፅ ማጉያ የሚወጣው የጎንደር እስክስታ የዓሣ ሻጩን ጩኸት ይውጠዋል፤ ዓሣ ሻጩም ተሸንፎ ትከሻውን ይነቀንቃል። ቡሬካ፣ ያ አይብ የሚከቱበት ጥብስ፣ አንድ ሰቅል ተኩል ሲሆን "ኧረ ተወደደ!" ያልንበት ዘመን ነው። ዛሬ በዚያ ገንዘብ ሽታውንም አይሰጡሽም። ከካሴት ሻጩ ቀጥሎ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ሆዳቸው በተቀደደ ኮምፒውተሮች ተከቦ ቦሪስ ይቀመጣል። ለዓመታት በበሩ ሳልፍ አንድም ቀን ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም፤ ምን ጉዳይ ኖሮኝ?

ጉዳዩን ያመጣው ጀርባዬ ነው። አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ የምንከባከብ ሜታፔሌት ነበርኩ። ማንሳት፣ ማጠብ፣ ማገላበጥ። ጀርባዬ መጀመሪያ አጉረመረመ፣ በኋላ አመፀ። ጠዋት ከአልጋ ስነሳ ባሌ ታከለ እንደ ከረጢት ደግፎ የሚያቆመኝ ቀን ነበር። ሐኪሙ "ሰው ማንሳት አቁሚ" አለኝ፣ ቁጭ ብሎ ሲናገረው ቀላል ነው። ያን ጊዜ ነው የሽማግሌዎች መዋያ ማእድ ቤት ኃላፊዋ፣ የምታውቀኝ ሴት፣ ትኩስ ምሳ በየቤቱ በትንሽ መኪና የሚያደርስ ሰው እንደምትፈልግ የነገረችኝ። "ቦታው ያንቺ ነው። ብቻ ሪሻዮን አምጪ፤ ከአዲስ ዓመት በዓሉ፣ ከሮሽ ሀሻና፣ በኋላ ግን መጠበቅ አልችልም" አለችኝ። ሪሻዮን መንጃ ፈቃድ ነው። ያለዚያ ሁለት መንገድ ነው የነበረኝ፤ ወይ ጀርባዬ እስኪበጠስ ሰው ማንሳት፣ ወይ ቤት መቀመጥ። ቤት መቀመጥ ደግሞ እኔን አያውቀኝም፤ እኔም አላውቀውም።

ፈተናውን ደግሞ እየደጋገምኩ እወድቃለሁ። የጽሑፉን በአማርኛ ተፈትኜ ቶሎ አለፍኩ፤ መንገድ ላይ ስወጣ ነው ጉዱ። መሪውን አልፈራም፣ ፍሬኑን አልፈራም። ችግሬ ኪካሩ ነው፣ አደባባዩ። አሽቀሎን ደግሞ አደባባይ የተዘራባት ከተማ ናት፤ አንዱን ስትጨርሺ ሌላው ይቀበልሻል። አስተማሪዬ ብርሃኑ የእኛው ልጅ ነው፣ እዚህ ያደገ፣ አማርኛውና ዕብራይስጡ እንደ ሽሮና በርበሬ የተቀላቀለበት። አንድ አደባባይ አፍ ላይ ቆመን ያወራነው እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

"እትዬ ትርንጎ፣ ያላ፣ ግቢ!" ይለኛል።

"ይለፍ እንጂ፣ ሰውየው እየመጣ ነው።"

"እሱ ገና ማዶ ነው! ግቢ፣ ከኋላሽ ፕካክ ሠራሽ እኮ፣ መንገዱ ተዘጋ!"

"ሽማግሌ ናቸው ብርሃኑ። ሽማግሌ ልቅደም?"

"ኪካር ላይ ሽማግሌ የለም እትዬ! ተራ ብቻ ነው ያለው!"

እኔ ግን አልቻልኩም። አንዱን ሳሳልፍ ሌላው ይመጣል፤ እሱንም አሳልፋለሁ። ነፍሰ ጡር የምትመስል ሴት፣ ልጆች የጫነ መኪና፣ የቸኮለ ጎረምሳ፣ ሁሉም ከእኔ የባሰ ጉዳይ ያለው ይመስለኛል። ከኋላዬ ጥሩምባው ይቀልጣል። ፈታኙ፣ ቦኽኑ፣ ወረቀቱ ላይ ይጭራል። ማታ ብርሃኑ ይደውልልኛል፤ "እትዬ፣ ያው" ይለኛል፣ ከዚያ በላይ አይናገርም።

አሁን ኮምፒውተሩ የሚገባበት ነው። ባርኔአ ሰፈር ውስጥ የምንከባከባት ሾሻና የምትባል ባልቴት ነበረች፤ ጥሩ ሴት፣ ቀጥ ያለች፣ የሆዷን የምትናገር። የልጅ ልጇ ውጭ አገር ሄዶ ክፍሉን ስታስጠርግ፣ የልጅነቱን ኮምፒውተር አገኘችው። ወተት መልክ የነበረ፣ በፀሐይ ብዛት ወደ ሻይ ያደላ ትልቅ ሣጥን። አብሮት ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር የመኪና መሪና ከእግር በታች የሚቀመጥ ነዳጅና ፍሬን አለ። ከፍታ አሳየችኝ። መኪና በከተማ ውስጥ የሚነዳበት ጌም ነው፤ ቀይዋን መኪና ትይዢያለሽ፣ ሌሎቹ ከግራ ከቀኝ ይመጣሉ፣ ከዘገየሽ ከኋላ ገጭተውሽ ያልፋሉ። ለአንዳቸውም ይሉኝታ የሚባል ነገር አልተፈጠረባቸውም። ልቤ ዘለለ። ሾሻና ዓይኔን አየችና "ትፈልጊዋለሽ? ውሰጂው" አለችኝ። እኔስ ምን አልኩ? "አይ ሾሻና፣ ምን ያደርግልኛል፣ ተይው።" መቼም አንድ ጊዜ ሲሉሽ ዘርግተሽ አትቀበዪም፤ ሁለተኛ ትላለች፣ ሦስተኛ ትለምነኛለች፣ ያኔ "እንግዲህ ካልሽማ" እላለሁ ብዬ ወለሉን መወልወሌን ቀጠልኩ። ሾሻና "ቤሴዴር፣ እሺ" አለች፣ አትክልተኛውን ጠራች፣ ኮምፒውተሩን ቆሻሻ መጣያው ጋ አስወጣችው። ሥራዬን ጨርሼ ስወጣ ከነመሪው ከፓኹ፣ ከቆሻሻ ገንዳው፣ አጠገብ ተቀምጧል፣ አንዲት ድመት ላዩ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ድመቷን አባረርኩና በገበያ ጋሪዬ ጎትቼ፣ አውቶቡስ ላይ ከሹፌር ጋር ተጨቃጭቄ ቤት አስገባሁት። ጀርባዬ ያን ቀን የከፈለውን እሱ ያውቃል።

ከዚያ በኋላ ከሥራ ስመለስ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ሳሎን ውስጥ መንዳት ጀመርኩ። ታከለ ፋብሪካ ውሎ ሲገባ በሩ ላይ ቆሞ፣ "ሹፌር፣ ወራጅ አለ!" ይለኛል። እኔ መስቀለኛ መንገድ ላይ ነኝ። መጀመሪያ እዚያም አሳልፍ ነበር። ቀይዋን መኪና አቁሜ "እለፉ እለፉ" ስል ከኋላ እየገጩ ይጥሉኛል፣ ሰዓቱ ያልቃል፣ እንደገና ይጀመራል። ቀስ በቀስ ገባኝ። የሚመጣውን ሰው ፊት አይደለም የማየው፣ ቦታውን ነው። ክፍተት አለ ወይስ የለም? ካለ እገባለሁ። በቃ። በዚያ ሣጥን ፊት ተቀምጬ አንድ ቀን ሦስት መስቀለኛ ተራ በተራ ሳልቆም ስገባ ብቻዬን እልል ብያለሁ።

ዲስኩ፣ ኮምፒውተሩ ሁሉን ነገር የሚያስቀምጥበት ብረት፣ የሞተው ልክ ያን ጊዜ ነው። ከፈተናው ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ የመጨረሻ ዕድሌ ከሆነው ከበዓሉ በፊት ካለው ፈተና። ስከፍተው የሣጥኑ ሆድ ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለ፤ ከዚያ ጥቁር መስኮት ላይ ነጭ ፊደል ጽፎ ቆመ። ልጆቼ "እማ፣ ዚርኪ፣ ጣይው፣ አዲሱ ላይ ተጫወቺ" አሉኝ። የዚያን ጌም ዘመድ የሚሆን አሮጌ ጌም በአዲሱ የቤታችን ኮምፒውተር ላይ ጫኑልኝ። የመሪው ሰፊ መሰኪያ የሚገባበት ቀዳዳ አዲሱ ኮምፒውተር የለውም። ጌሙም እዚያ ላይ አበደ፤ ማሽኑ ስለፈጠነ መኪናዋ ገና ነዳጅ ሳልነካት ግድግዳ ውስጥ ትገኛለች። አሮጌውን ማሽን ነበር የምፈልገው፣ ከነዝግመቱ። ታከለ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንዲህ አለኝ፦ "አንቺ ሴትዮ፣ እግዜር ራሱ ተይው እያለሽ ነው።" "እንዲያ ከሆነ ራሱ መጥቶ ይንገረኝ" አልኩትና ሣጥኑን እንደገና ጋሪው ላይ ጫንኩት። እኔ ከያዝኩ አልለቅም።

ቦሪስ ሣጥኑን ከፍቶ ጆሮውን አስጠጋ። "ዲስኩ ነው የሞተው፤ ሌላው ደህና ነው" አለኝ በዚያ ር በሚበዛበት ዕብራይስጡ። እንዲህ ያለ ትንሽ ዲስክ የሚሠራ ድሮ ቀርቷል፣ ያለውም እንደሱ ያረጀ ነው። "አዲስ ዲስክ እናስገባለት" አለ። ከአንድ መሥሪያ ቤት ማሽን የፈታውን፣ ገና ብዙ ያልሠራ ዲስክ ከሣጥን ውስጥ አወጣ። ጠፍጣፋ፣ የሚያብረቀርቅ። "ክኺ። ውሰጂው፣ ማታና፣ ስጦታ ነው፤ ለኔ አይጠቅመኝም።"

"አይ፣ አይገባም፤ ይቅር" አልኩት።

እሱም ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ሣጥኑ ውስጥ መለሰው። እኔም ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ፤ ቀስ እያልኩ። ከካሴት ሻጩ አጠገብ ቆሜ የማልገዛውን ካሴት አገላበጥኩ። መጥቶ ይጠራኛል ብዬ ነው። ማንም አልጠራኝም። በማግስቱ ጠዋት ስመለስ ዲስኩ የሌላ ሰው ማሽን ውስጥ ገብቷል። "እምቢ ብለሽኛል እኮ!" አለኝ ቦሪስ። እኔ በንዴት እንባዬ መጣ፣ በእሱ አይደለም የተናደድኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስወጣ በሱቁ አልፋለሁ። "መጣ?" "አልመጣም።" "መጣ?" "ቲርዛ፣ ትናንት ነው የጠየቅሽኝ።" አንድ ቀን ሰለቸውና እንድቀመጥ በርጩማ ሰጠኝ። "አንድ ነገር ንገሪኝ። እንዲህ የምትፈልጊው ከሆነ ያን ቀን ለምን ሎ ብለሽ እምቢ አልሽኝ?" ነገርኩት። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሰጥሽ መጀመሪያ ትግደረደሪያለሽ፤ ስስታም፣ የተራበች እንዳትመስዪ። የሚሰጠውም ያውቃል፣ ስለዚህ ይደግማል። ቦሪስ መነጽሩን አውልቆ አየኝ። "ስንቴ ነው የሚደገመው?" "ሦስቴ ይበቃል።" "በሞስኮ ሦስት ጊዜ ከጠየቅሽ ዕቃው አልቋል" አለና ሣቀ። ከቀናት በኋላ በበሩ ሳልፍ ቦሪስ ገና ከሩቅ አይቶኝ፣ አንድ ዲስክ ከፍ አድርጎ ይዞ በገበያው መሃል ይጮሃል፦ "ክኺ! ክኺ! ክኺ! ሦስት ሆነ፣ ግቢ አሁን!"

ዲስኩን ሲያስገባው ግን አሮጌው ማሽን አልተቀበለውም። ማህደረ ትውስታውን ቆጠረ፣ ዲስኩ ጋ ሲደርስ ዝም ብሎ ቆመ፤ አይሠራም፣ አይሞትም። ቦሪስ አጥፍቶ አበራው፤ ያው ነው። እኔ በልቤ በቃ አለቀልኝ አልኩ፤ እሱ ግን ምንም አልደነቀውም። "ይሄ ማሽን የተሠራው ዲስክ ሁሉ ትንሽ በነበረ ጊዜ ነው፤ የድሮው ግማሽ ጊጋ ነው። ይሄኛው ሃያ ነው። ሃያ ሲሉት ሽማግሌው ደነገጠ፣ እንደዚያ ያለ ቁጥር ሰምቶ አያውቅም።" ከዲስኩ ጀርባ ካሉት መርፌ መርፌ መሳይ ሽቦዎች ላይ የስንዴ ፍሬ የምታክል ጥቁር ፕላስቲክ በመቆንጠጫ ነቅሎ ሌላ ቦታ ላይ ሰካት። "አሁን ዲስኩ ሃያ መሆኑን አይናገርም። ሁለት ነኝ ይላል። ቀሪው አለ፣ ግን አይታይም፣ አንጠቀምበትም።" አበራው። ማሽኑ ቆጠረ፣ ዲስኩ ጋ ደረሰ፣ ሁለት መሆኑን አነበበና አለፈ። እኔ እዚያ በርጩማ ላይ እንደተቀመጥኩ ሣቄ አልቆም አለ። ቦሪስ "ምነው?" ሲለኝ፣ "ይሄ ዲስክ የኛ አገር ሰው ነው" አልኩት። ሃያ ይዞ ሁለት ነኝ እያለ፣ ቤት ገባ። ለእሱ ሠራለት፤ ሽማግሌ ቤት ስለገባ ነው። እኔ ግን የምገባው አደባባይ ነበር።

ቀጥሎ ዲስኩን መደምሰስና ማዘጋጀት አለ። ቦሪስ የፊደል ሰሌዳውን ወደኔ ገፋ፤ "ማሽኑ ያንቺ ነው፣ አንቺ ንኪው" አለ። የሚጻፈውን ነገረኝ፣ ጻፍኩ። ማሽኑ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። የጎንደር ትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ ለዚያ በቃኝ፤ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ልቀጥል ወይስ አልቀጥል ነው የሚለው። እጄ ሳይጠይቀኝ አልቀጥል የሚለውን ነካ። ማሽኑ ወደ ነበረበት ተመልሶ ዝም አለ። እኔም እጄን አጣጥፌ ጠበቅኩ። ቦሪስም ጠበቀ። "ምንድን ነው የምትጠብቂው?" አለኝ በመጨረሻ። አፈርኩ። እንደገና እስኪጠይቀኝ ነበር የምጠብቀው። ቦሪስ አልሳቀም፤ እጁን ማሽኑ ላይ አሳርፎ በለሆሳስ፣ "ቲርዛ፣ እሱ አንዴ ነው የሚጠይቀው" አለኝ። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች። አገሩም አንዴ ነው የሚጠይቀው፤ ሾሻናም፣ መሥሪያ ቤቱም፣ አደባባዩም። ይሄን ሁሉ ዓመት በር ላይ ቆሜ ሁለተኛውን ጥሪ ስጠብቅ ስንቱ አልፎኛል። ትእዛዙን እንደገና ጻፍኩ፣ ሲጠይቀኝም ቀጥል አልኩት።

ዲስኩ ተዘጋጀ፣ ጌሙ ግን የሞተው ዲስክ ውስጥ ነው ያለው። ሌላ ቦታ የለም፤ የሾሻና የልጅ ልጅ የመጫኛ ዲስኬቶቹን ጥሏቸዋል። "አንድ መላ አለ፤ አንዳንዴ ይሠራል" አለ ቦሪስ። "በላስቲክ ጠቅልለሽ ማቀዝቀዣው የላይኛው ክፍል ውስጥ አሳድሪው። ሲቀዘቅዝ ብረቱ ይኮማተራል፤ ምናልባት ትንሽ ጊዜ ያነብልናል።" እኔም ሄጄ ከዶሮው ጎን አስተኛሁት። ጠዋት ታከለ በረዶ ሊያወጣ ከፍቶ አየው። "ይሄን ደግሞ በስንት ሰዓት ይበስላል ብለሽ ነው?" "ዝጋው፣ ይሞቃል!" አልኩት። ዘጋው። ያን ቀን ጠዋት ግን ፋብሪካ ከመሄዱ በፊት የዓሣ ማስቀመጫ የበረዶ ሣጥናችንን ከሰገነት አውርዶ አጥቦ፣ ዲስኩን በበረዶ ከቦ፣ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ተሸክሞልኝ ሄደ። "እንግዲህ ከያዝሽ አትለቂ" ብቻ ነው ያለኝ። ታከለን የወደድኩት በብዙ ነገር ነው፤ ያቺን ጠዋት ግን ለብቻዋ አስቀምጫታለሁ።

አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች የሞሮኮ ሴት ሣጥኑን አይታ፣ "ዓሣ ነው? ትኩስ ነው?" አለችኝ። "አይ፣ በጣም አሮጌ ነው" አልኳት፤ ቦታ ቀየረች። ቦሪስ ሁለቱን ዲስኮች አንድ ማሽን ላይ ጎን ለጎን አሰራቸው፤ አሮጌው ላዩ ላይ ውርጭ አለበት። አበራው። አንድ ሁለቴ ቀጭ አለ፣ ልቤም አብሮ። ከዚያ እንደ ድሮው እንደ ቆሎ መንጣጣት ጀመረ፤ እያነበበ ነው። መስኮቱ ላይ የፋይሎቹ ስም እየተግተለተለ ይወርዳል። ውርጩ መቅለጥ ጀምሮ ጠብታው በዲስኩ ጎን ሲወርድ ቦሪስ በመሃረቡ ያብሳል፣ እኔ "በርታ፣ በርታ" እላለሁ፣ ምጥ ላይ ያለች ሴት አጠገብ እንዳለሁ። የመጨረሻው ስም እንደወጣ አሮጌው ዲስክ አንድ ረጅም ድምፅ አሰማና ተወ። ከዚያ በኋላ ዳግም አልተነሳም። ጌሙ ግን ተሻግሯል። ያንን መሪ እዚያው ሱቅ ውስጥ ሰካንና ቀይዋን መኪና አስነሳኋት፤ ካሴት ሻጩ ሳይቀር ሱቁን ጥሎ መጥቶ በር ላይ ቆሞ አየኝ።

ከዚያ እስከ ፈተናው ድረስ ቤታችን መንገድ ሆነ። አደባባይ ባገኘሁበት መንገድ ሁሉ በእግሬም ስሄድ ቆሜ አያለሁ፤ ክፍተት አለ፣ የለም፣ አለ፣ አሁን። አዲሱ ዲስክ ማሽኑን ቶሎ ያስነሳዋል፣ ጌሙ ግን በራሱ ዝግመት ነው የሚሄደው፤ ሁለቱም ያስፈልጉኝ ነበር። በጭንቅ ሰሞን ሮኬት እየመጣ፣ ሳይረን እየጮኸ ወደ መጠለያ የምንሮጥባቸው ቀናትም ነበሩ። እንመለሳለን፣ መኪናዋ ቆማ ትጠብቀኛለች፣ እቀጥላለሁ።

የፈተናው ቀን ቦኽኑ የማላውቀው ሰው ነው፣ ወፍራም፣ የጸጉሩ ዘይት የሚሸት። ብርሃኑ ከኋላ ተቀምጦ ጥፍሩን ይበላል። ከባርኔአ ወደ ከተማ ስንገባ ያ የለመድኩት አደባባይ መጣ። አንድ አውቶቡስ አለፈ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ በአሮጌ መኪና ከማዶ እየመጡ ነው፤ ድሮ ቢሆን ፊታቸው ያሳዝነኝ ነበር። ፊታቸውን አላየሁም። ቦታውን አየሁ። ክፍተት አለ። ገባሁ። ከኋላዬ ማንም ጥሩምባ አልነፋም፤ ሽማግሌውም ምንም አልሆኑም፣ ቀስ ብለው ከኋላዬ መጡ። በመስታወቱ ብርሃኑን አየሁት፣ እጁን ከአፉ አውጥቷል። መጨረሻ ላይ አውቶቡስ ጣቢያው አጠገብ በኋላ ማርሽ እንዳቆም ቦኽኑ አዘዘኝ። አቆምኩ፣ መኪናዋ ግን ጠማማ ናት፤ አንዱ ጎማ ጠርዙ ላይ ወጥቷል። ቦኽኑ ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ። "እንደገና መሞከር ትፈልጊያለሽ?" የድሮዋ ትርንጎ ብትሆን መልሷን እናውቃለን፤ "አይ፣ አላስቸግርዎ፣ ይቅር።"

"ኬን፣ አዎ!" አልኩት። አፉን እንኳ ገና አልዘጋም።

አውጥቼ መለስኳት፤ ሁለቱም ጎማ ቀጥ ብሎ ገባ። የዚያን ቀን ማታ ብርሃኑ ሲደውል "እትዬ፣ ያው" አላለም፤ እየጮኸ ነው የተናገረው። ከበዓሉ በኋላ የማእድ ቤቱን ነጭ የምሳ መኪና ተረከብኩ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስም ለስንቱ አረጋዊ ሾርባ ትኩሱን አድርሻለሁ። ሾሻናም ከእነሱ አንዷ ነበረች። ጀርባዬም ይኸው እስከ ዛሬ ደግፎ ይዞኛል።

ይሄን ሁሉ እያሰብኩ አውቶቡስ ጣቢያው ላይ ቦሪስን "ና ላድርስህ፣ መኪናዬ እዚያ ናት" አልኩት።

"ሎ፣ ሎ፣ ቶዳ፣ አመሰግናለሁ" አለኝ። "አውቶቡሱ ይመጣል።"

መንገድ ጀመርኩ፤ ከዚያ የሆነ ነገር ቆም አደረገኝ። ዞር ስል ሰውየው ቦርሳውን ከመሬት አላነሳም፣ ዓይኑ ግን እኔ ላይ ነው። "ና እንጂ ቦሪስ" አልኩት ሁለተኛ። "ሎ ናኢም፣ ደስ አይልም፣ ትቸገሪያለሽ።" ጺሙ ስር ሣቅ ይዟል፣ ሽማግሌው! "ቦሪስ፣ ና ግባ!" አልኩት ሦስተኛ። ቦርሳውን አነሳ። "አሁን እሺ" አለ።

መንገድ ላይ ስለ ዘንድሮ ዲስኮች አወራኝ፤ ጥፍር የምታክል፣ ድምፅ የሌላት፣ ለአሮጌ ማሽን የምትሆን ካርድ አለች አለኝ። "እሰጥሻለሁ።" "አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም።" ጣቱን ማውጣት ጀመረ። "አትቁጠር፤ ይሄ የእውነት እምቢ ነው። ያ ዲስክ አሁንም ይነሳል።" "እንግዲህ የቱ የእውነት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?" ብሎ ተማረረ።

እንዲህ ስንባባል አደባባዩ ጋ ደረስን፤ ተዘግቷል። ከፊታችን ጣሪያዋ ላይ የለማጅ ምልክት ያለባት ትንሽ መኪና ቆማለች። መሪውን የያዘችው የእኛ ሴት ናት፣ አበባ ያለበት ሻሽ ያሰረች፣ በዕድሜዋ ያኔ እኔን የምታክል። አንዱን ታሳልፋለች፣ ሌላውን ታሳልፋለች፣ በእጇ "እለፉ እለፉ" ትላለች። ከኋላችን ጥሩምባው ቀለጠ። ቦሪስ "ንፊላት እንጂ" አለኝ። አልነፋሁም። መስኮቴን አወረድኩና ወገቤ እስኪወጣ ድረስ ብቅ ብዬ፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል በአማርኛ ጮህኩ፦ "ግቢ እህቴ! ግቢ!"

በመስታወቷ ቀና ብላ አየችኝ። አንድ መኪና አለፈ። ክፍተት መጣ። ገባች።